በወላጆቻችን ስም ፋውንዴሽን ከማቋቋማችን በፊት

ሶፍትዌር መሐንዲስ የሆነ ሐበሻ ከዘመድ ወዳጅ በነፃ የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው፦ የተበላሸ ላፕቶፕ መጠገንና የፋውንዴሽን ዌብሳይት መሥራት። ላፕቶፑን ተዉት። ዌብሳይቱ ግን ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ከጀርባው ብዙ ጊዜ አንድ የሞተ ሰው አለ።

ታሪኩ ቢለያይም መልኩ አንድ ነው። አባት ያርፋሉ። መምህር ነበሩ፣ ወይ የጤና ረዳት፣ ወይ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃቸው ነጋዴ። አርባቸው ይወጣል። ልጆቻቸው አንዱ ሜሪላንድ፣ አንዷ ለንደን፣ አንዷ ዱባይ ናቸው። ከዚያ በቤተሰቡ የዋትስአፕ ግሩፕ ላይ «ድንኳን ጥለን ተዝካር ከምናበላ በስማቸው ትምህርት ቤት ብንረዳስ?» የሚል ሐሳብ ይነሳል። ሁሉም ይስማማል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስም ይወጣል፣ ሎጎ ይሠራል፣ የፌስቡክ ገጽ ይከፈታል። ቀጥሎ እኔ ጋ ይደወላል። «አንተ ልጅ፣ ዌብሳይቱን ትሠራልናለህ አይደል?»

እሠራለሁ። ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሥራውን ከመጀመሬ በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ «በየዓመቱ ፎርም 990 ፒኤፍን የሚሞላው ማን ነው?» አብዛኛውን ጊዜ ዙሙ ጸጥ ይላል። አንድ ታላቅ ወንድም «ምንድን ነው እሱ? የቪዛ ነገር ነው?» ብሎኛል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በውጭ የምንኖር አብዛኞቻችን የራሳችን የቤተሰብ ፋውንዴሽን አያስፈልገንም፤ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት። የሚያስፈልገን የሌላ ሰው ጣሪያ፣ የተጻፈ ስምምነትና ምክር ነው። እነዚህን ደግሞ በርካሽ፣ አንዳንዱንም በነፃ ማግኘት ይቻላል። ይህን የምለው በጎ ሥራውን ንቄ አይደለም። ገንዘቡ ልጆቹ ጋ ሳይደርስ ወረቀት ላይ ሲያልቅ፣ ወንድምና እህትም ሲኳረፉ ስላየሁ ነው።

ከአሜሪካ ልጀምር፤ ብዙው ግራ መጋባት ያለው እዚያ ነው። በአሜሪካ ሕግ 501 ሲ 3 የሚባለውን ፈቃድ ያገኘ ድርጅት ሁሉ፣ ሌላ መሆኑን ካላሳየ በስተቀር፣ «ፕራይቬት ፋውንዴሽን» ተደርጎ ይቆጠራል። ሌላው ዓይነት «ፐብሊክ ቻሪቲ» ነው፤ ገንዘቡን ከብዙ ሰው የሚሰበስብ ማለት ነው። ስማችሁ ላይ «ፋውንዴሽን» የሚለውን ቃል መጻፍ አለመጻፋችሁ ለውጥ የለውም። ወሳኙ ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። አራት ወንድማማቾችና እህትማማቾች ከደመወዛቸው እየቆረጡ የሚያዋጡበት ድርጅት፣ ወደዱም ጠሉም ከጌትስ ፋውንዴሽን ጋር አንድ ሕግ ሥር ይወድቃል። አንደኛው ቢሊዮኖች አሉት፣ ሌላኛው ስምንት ሺህ ዶላር፤ የሚሞሉት ፎርም ግን ያው 990 ፒኤፍ ነው።

ይቺን ነጥብ ላስረግጣት። ትንሽ ፐብሊክ ቻሪቲ ዓመታዊ ገቢው አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ሺህ ዶላር ካልበለጠ 990 ኤን የምትባለውን አጭር ማስታወቂያ ኢንተርኔት ላይ ሞልቶ ይገላገላል፤ አሥር ደቂቃም አትፈጅ። ለፕራይቬት ፋውንዴሽን እንዲህ ያለ ምሕረት የለም። በካዝናው አንድ ዶላር ቢኖረውም ሙሉውን ፎርም ይሞላል። ከኢንቨስትመንት ገቢው ላይ 1.39 በመቶ ይከፍላል። የኢንቨስትመንት ንብረቱን 5 በመቶ ያህል በየዓመቱ ለበጎ ዓላማ ማውጣት ግዴታው ነው። ሦስት ዓመት በተከታታይ ሳይሞላ ከቀረ ደግሞ ፈቃዱ ወዲያውኑ በሕግ ይሰረዛል። ይህ ደንብ የመጣው እንደ ፈረንጆቹ በ2006 በወጣ ሕግ ነው።

ምዝገባው ግን ቀላል ነው፤ ወጥመዱም እሱ ነው። አጭሩ ማመልከቻ 1023 ኢዚ ክፍያው 275 ዶላር፣ ረጅሙ 1023 ደግሞ 600 ዶላር ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብሎ የሚጨርሰው ሰው አይጠፋም። በእኛ ሙያ ሶፍትዌር መጻፍ ቀላሉ ክፍል ነው፣ ከባዱ አሥር ዓመት ማስተዳደሩ ነው እንላለን። ፋውንዴሽንም እንደዚያው ነው።

ሁለተኛው ነገር ምስጢር ነው። 990 ፒኤፍ ለሕዝብ ክፍት ሰነድ ነው። ፕሮፐብሊካ በነፃ በሚያቀርበው የፍለጋ ገጽ ላይ ማንም ሰው ገብቶ የቦርድ አባላቱን ስም፣ ምን ያህል እንዳላችሁና ለማን እንደሰጣችሁ ያያል። ፐብሊክ ቻሪቲ የለጋሾቹን ስም ከሕዝብ መሸፈን ይችላል፤ ፕራይቬት ፋውንዴሽን ግን የዋና ዋና ለጋሾቹን ስም ጭምር ይፋ ያደርጋል። ለአንድ የኦሃዮ ነጋዴ ቤተሰብ ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። ለእኛ ግን፣ የትኛው ወረዳ ትምህርት ቤት ሠራህ ተብሎ ብሔርህና ፖለቲካህ በሚተነተንበት ማኅበረሰብ ውስጥ፣ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ስማችሁ ይውጣ አይውጣ የሚለውን አስቀድማችሁ ወስኑ።

ሦስተኛው ከባህላችን ጋር በቀጥታ የሚላተመው ነው። እኛ ጋ «በጎ አድራጎት» ከቤት ይጀምራል። የአክስት ልጅ የዩኒቨርሲቲ ወጪ፣ የአጎት የኩላሊት ሕክምና፣ ያሳደገችን ሞግዚት ጡረታ። ታዲያ ፋውንዴሽን ካለን ለምን ከዚያ አንከፍልም ይባላል። አይቻልም። ከ1969 ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ «ሰልፍ ዲሊንግ» የሚባል ክልከላ አለ። በፋውንዴሽኑ ገንዘብ ዋና ለጋሾቹ፣ የቦርድ አባላቱ፣ የትዳር ጓደኞቻቸው፣ ወላጆቻቸው፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው መጠቀም አይችሉም። ተጠቃሚው የገንዘቡን 10 በመቶ፣ እያወቀ የፈቀደው ኃላፊ ደግሞ 5 በመቶ ለእያንዳንዱ ዓመት ይቀጣሉ፤ ገንዘቡም መመለስ አለበት። የሚገርመው፣ ወንድምና እህት በዝምድናቸው ብቻ እዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ደስ አይበላችሁ፤ እህትየው ራሷ ቦርድ ላይ ካለች ወይም ዋና አዋጪ ከሆነች እሷም ልጆቿም ይገባሉ። በዚያ ላይ ፕራይቬት ፋውንዴሽን ለግለሰቦች የትምህርት ድጋፍ ከመስጠቱ በፊት፣ ተማሪዎቹን የሚመርጥበትን አሠራር አይአርኤስ አስቀድሞ ሊያጸድቅለት ይገባል። «የጎረቤታችንን ልጅ እናስተምር» የሚለው መልካም ሐሳብ እዚህ ጋ ይቆማል።

ምክሬ አጭር ነው። የዘመድ ገንዘብና የፋውንዴሽን ገንዘብ አይገናኙ። ለአክስት ልጅ የምትልኩትን እንደ ድሮው ከኪሳችሁ ላኩ።

ወደ ኢትዮጵያ የሚላከውስ? ፕራይቬት ፋውንዴሽን በአሜሪካ ያልተመዘገበ የውጭ ድርጅት ሲረዳ፣ ወይ ድርጅቱ ከአሜሪካ ፐብሊክ ቻሪቲ ጋር የሚመጣጠን መሆኑን በሰነድ ያረጋግጣል፣ ወይ አስቀድሞ ያጣራል፣ ውል ይፈራረማል፣ ሪፖርት ይቀበላል፣ ያንን ለአይአርኤስ ያሳውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ቀለል ያለ መንገድ ግን አለ። ገንዘቡ ለበጎ ዓላማ ብቻ እስከዋለ ድረስ፣ ተቀባዩ የመንግሥት አካል ሲሆን ደንቡ እንደ ፐብሊክ ቻሪቲ ያየዋል። አባታችሁ ያስተማሩበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነ የምትረዱት፣ ድጋፉ በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል በደብዳቤና በደረሰኝ ሲሄድ ወረቀቱ ይቀንሳል። በርእሰ መምህሩ የግል ሒሳብ ቁጥር ሲላክ ግን ይህ መንገድ ይዘጋል፤ ሰውየው የቱንም ያህል ጨዋ ቢሆኑ።

እንግዲህ የሌላ ሰው ጣሪያ ወዳልኩት ልምጣ። አንደኛው «ዶነር አድቫይዝድ ፈንድ» ይባላል። እንደ ፊደሊቲ ቻሪተብል ባሉ ተቋማት በቤተሰቡ ስም ሒሳብ ትከፍታላችሁ፤ ፊደሊቲ ለመክፈቻ ዝቅተኛ መጠን አይጠይቅም። ገንዘቡ ሲገባ የታክስ ቅናሹ ይያዝላችኋል፣ የት ይሂድ የሚለውን በየጊዜው ትጠቁማላችሁ፣ ፎርሙን የሚሞላው ተቋሙ ነው። ስማችሁ እንዳይጠቀስ ከፈለጋችሁም ይቻላል። የታክሱ ጥቅምም ይሻላል፦ ለፐብሊክ ቻሪቲ በጥሬ ገንዘብ የሚሰጥ እስከ ገቢው 60 በመቶ ድረስ ሊያስቀንስ ሲችል ለፕራይቬት ፋውንዴሽን ጣሪያው 30 በመቶ ነው። ጉድለቱ፣ ገንዘቡ ከገባ በኋላ በሕግ የእናንተ አይደለም። ትጠቁማላችሁ እንጂ አታዙም። በቀጥታ ኢትዮጵያ ላለ ትምህርት ቤት መላክም አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም፤ እንደ ኬፍ አሜሪካ ወይም የኪንግ ቦዱዋን ፋውንዴሽን የአሜሪካ ቢሮ ባሉ አማካዮች በኩል ነው፤ እነሱም የአገልግሎት ክፍያ ይወስዳሉ።

ሁለተኛው «ፊስካል ስፖንሰር» ነው። ቀድሞ የተመዘገበ ፐብሊክ ቻሪቲ የእናንተን ሥራ እንደ አንድ ፕሮጀክቱ ይይዘዋል፣ ገንዘብ ይቀበልላችኋል፣ ሒሳብ ይሠራል፣ ከገቢው የተወሰነ በመቶ ይቆርጣል። ለእኛ ይህኛው ይመቸናል እላለሁ፤ ምክንያቱም ኢትዮጵያ ውስጥ ዓመታት የሠሩ፣ መንገዱን የሚያውቁ የዳያስፖራ ድርጅቶች አሉ። ችግራችን «የራሳችን ስም ይኑረን» ማለታችን ነው። ስሙን ፕሮጀክቱ ላይ አኑሩት፣ ማን ከለከለ?

እዚህ ላይ ለሙያ ጓደኞቼ አንዲት ነገር። ብዙ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ሠራተኛው ለበጎ አድራጎት የሰጠውን ያህል ይጨምራሉ። ሆኖም ብዙዎቹ ለፕራይቬት ፋውንዴሽንና ለዶነር አድቫይዝድ ፈንድ አይጨምሩም። በፊስካል ስፖንሰር በኩል ከሆነ ግን መቶ ዶላራችሁ ሁለት መቶ የመሆን ዕድል አለው። ከመመዝገባችሁ በፊት የመሥሪያ ቤታችሁን ደንብ አንብቡ።

አሜሪካ ላልሆናችሁ በአጭሩ። እንግሊዝ ውስጥ የበጎ አድራጎት ድርጅት ዓመታዊ ገቢው ከ5 ሺህ ፓውንድ ከበለጠ በቻሪቲ ኮሚሽን መመዝገብ አለበት፤ ሲአይኦ የሚባለው ቅርጽ ደግሞ ገቢው ምንም ቢሆን ይመዘገባል። ጥቅሙ ጊፍት ኤይድ ነው፦ ግብር ከፋይ በሰጠው በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ መንግሥት 25 ፔንስ ይጨምራል። ባሕረ ሰላጤ አገሮች ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች ግን እባካችሁ ተጠንቀቁ። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች በ2021 በወጣው ሕግ መሠረት ፈቃድ የሌለው ሰው ከሕዝብ መዋጮ መሰብሰብ አይችልም፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። «ለአባታችን ፋውንዴሽን አዋጡ» ብሎ በዋትስአፕ መበተን እዚያ አገር ጨዋታ አይደለም። የራሷን ገንዘብ ለቤተሰቧ በሕጋዊ መንገድ የምትልክ እህትና ከጓደኞቿ የምትሰበስብ እህት በሕግ ፊት የተለያዩ ናቸው። ሜሪላንድ ያለው ወንድም ይህን ሳያውቅ «አንቺም እዚያ ሰብስቢ» እያለ ይጨቀጭቃታል።

ኢትዮጵያ ውስጥ መመዝገብ ለሚያስቡ፣ አሁን የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። ብዙዎቻችን የምናስታውሰውን፣ ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገቢ ያገኘ ድርጅት በመብት ጉዳዮች ላይ እንዳይሠራ ያገደውን አዋጅ 621/2001 የተካ ነው። አዲሱ አዋጅ ንብረትን ለዘለቄታው ለበጎ ዓላማ ብቻ የመስጠትን ቅርጽ፣ ኢንዶውመንት የሚባለውን፣ ይፈቅዳል። ለምሳሌ የአባት ቤት ተከራይቶ ኪራዩ ለነፃ ትምህርት እንዲውል ለሚፈልግ ቤተሰብ ይህ ከአሜሪካ ወረቀት የተሻለ ሊሆን ይችላል። የአስተዳደር ወጪ ከገቢው 20 በመቶ መብለጥ እንደሌለበትም ልብ በሉ።

ሕጉ ይብቃ። ካየኋቸው ቤተሰቦች መካከል በሕግ ምክንያት የፈረሰው ትንሹ ነው። የሚያፈርሰው ማን ይወስናል የሚለው ነው።

አንድ የማውቀው ቤተሰብ በአባታቸው ስም ቤተ መጻሕፍት ሊሠሩ ገንዘብ አዋጡ። አባትየው ሠላሳ ዓመት ያስተማሩበት ትምህርት ቤት ነው። ከመጀመራቸው በፊት ታናሽ እህታቸው ርእሰ መምህሯን ደውላ ጠየቀቻቸው። ርእሰ መምህሯ አመስግነው ሲያበቁ፣ «ከተቻለ የሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት፣ ውኃ ያለው» አሉ። ዙሙ ላይ ጦርነት ተነሳ። ታላቁ ወንድም «በአባታችን ስም ሽንት ቤት? ሰው ምን ይለናል?» አለ። ሌላው «ቤተ መጻሕፍቱን ሠርተን ሽንት ቤቱን ለሌላ ጊዜ» አለ። ታናሿ ተኮርፋ ከግሩፑ ወጣች። አራት ወር ገንዘቡ ባንክ ተቀመጠ። በመጨረሻ ነገሩ አዲስ አበባ ያሉት እናታቸው ጆሮ ደረሰ። እሳቸውም «አባታችሁ ሴቶቹ በወር በወር ይቀሩብኛል እያለ ሲበሳጭ አልነበር እንዴ?» አሉ። መጸዳጃ ቤቱ ተሠራ። ስማቸው የት ይጻፍ የሚለው ግን እስካሁን አልተፈታም፤ ታላቅየው ግድግዳው ላይ እንዳይጻፍ፣ የውኃ ታንከሩ ላይ ይሁን ይላል።

ይህ የአንድ ቤተሰብ ጠብ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የቤተሰብ ፋውንዴሽኖች ላይ ብቻ የሚያተኩር ተቋም፣ ናሽናል ሴንተር ፎር ፋሚሊ ፊላንትሮፒ የሚባል፣ ከ1997 ጀምሮ አለ። ከሚያነሷቸው ዋና ዋና ጉዳዮች አንዱ ይኸው ነው፦ የሟቹ ፍላጎት ምን ነበር፣ ማን ድምፅ አለው፣ የልጅ ልጆች መቼ ይገባሉ። ሠራተኛ ለሌላቸው ወይም ጥቂት ብቻ ላሏቸው ፋውንዴሽኖች ደግሞ ኤክስፖነንት ፊላንትሮፒ አለ። ካንዲድ የተባለው ድርጅት የለጋሾችን መረጃ ቋት በብዙ ከተሞች የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በነፃ ያስጠቅማል። ስኮር የሚባለው የበጎ ፈቃደኛ አማካሪዎች መረብም ያለ ክፍያ ያማክራል። አይአርኤስ ራሱ ለአዲስ ድርጅቶች ነፃ የኦንላይን ትምህርት አለው። በእንግሊዝ ደግሞ የቻሪቲ ኮሚሽኑ ሲሲ 3 የተባለ መመሪያ የባለአደራን ግዴታ በግልጽ ቋንቋ ያስረዳል። ሎጎ ለማሠራት ከሚያልፈው ጊዜ ግማሹ እነዚህን ለማንበብ ይበቃል።

ደግሞ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። የእናቶቻችን እድር መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ የቀረ ይቀጣል፣ ቃለ ጉባኤው በእጅ ይጻፋል። ማስተርስ ያለን ልጆቻቸው ፋውንዴሽናችንን በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት እናስተዳድራለን። የእድር ደንብ አንዱን ከአገር ቤት አስልካችሁ ተመልከቱ፤ «አባል ሲሞት»፣ «አባል ሲወጣ»፣ «ገንዘብ ያዥ ሲቀየር» የሚሉ አንቀጾች አሉት። የብዙ ፋውንዴሽኖቻችን ደንብ ከኢንተርኔት የተገለበጠ ስለሆነ እነዚህን በእኛ ቤተሰብ ልክ አይመልስም።

ከሙያዬ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፦ የይለፍ ቃል። ዶሜይኑ የተገዛው በማን ክሬዲት ካርድ ነው? የባንኩ ኮድ የሚላከው ወደ ማን ስልክ ነው? አይአርኤስ ደብዳቤ የሚልከው ወደ የትኛው አድራሻ ነው፣ ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ለቀቃችሁት አፓርታማ? ማስታወቂያው የደረሰው የቀድሞው ቤት ቢሆንም ሦስት ዓመቱ ይቆጠራል። ሁሉም ነገር በፋውንዴሽኑ ኢሜይል ይሁን፣ ቢያንስ ሁለት ሰው ይግባበት። አድራሻ ስትቀይሩ ፎርም 8822 ቢ የምትባል አለች፤ ሞልታችሁ ላኩ።

ቀድማችሁ ለተመዘገባችሁና ማን ሞላ ማን አልሞላ ለማታውቁ፣ አይአርኤስ ከታክስ ነፃ የሆኑና የተሰረዙ ድርጅቶችን በስም የሚያስፈልግ ገጽ አለው። በነፃ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ነው። ከተሰረዛችሁ ዳግም ማመልከት ይቻላል፤ ለትንንሽ ፐብሊክ ቻሪቲዎች የተዘረጋው አቋራጭ መንገድ ግን ፕራይቬት ፋውንዴሽንን አያካትትም፣ ስለዚህ የሒሳብ ባለሙያ ያዙ። ፍለጋው ላይ ምንም ካልመጣላችሁ ደግሞ ወዲያው አትደንግጡ፤ የአባታችሁን ስም በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ፀሐይ የሚለውን በ«ዋይ» ነው የጨረሳችሁት ወይስ በ«አይ»? ሁለቱንም ሞክሩ።